ትንሿ ሽጉጥ በእኔ እጅ ትቀረቀራለች፣ በጓደኛዬ እጅ አትቀረቀርም። ጥፋቱ የማን ነው?

ጀማሪ77
ሰላም የቤቱ ልጆች። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

ፈቃዴን ጨርሼ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ገዛሁ። ባለ 380 ናት፣ የጥይቷ መጠን ማለት ነው። ባዶዋን 270 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ካዝናዋ 6 ጥይት ይይዛል። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የእኔ ገና አላወቅኩማ። ኪስ ውስጥ ስትገባ መኖሯም አይታወቅም። ያስገዛኝም እሱ ነው።

ቅዳሜ መተኮሻ ሄጄ 50 ጥይት ተኮስኩ። ሦስት ጊዜ ቆመችብኝ። ሁለቴ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ ስላይዱ (ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሮጠው ብረት) ነከሰውና እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዴ ደግሞ ስላይዱ ሙሉ በሙሉ አልዘጋ ብሎ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ቀረው። በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ገጠመ።

ከዚያ ጓደኛዬ ተቀበለኝና ሁለት ካዝና በተከታታይ አወረደው። አንዴም አልቆመችበትም! ሻጩን ብጠይቀው «ትለምዳታለህ» ብሎ ሸኘኝ።

ሌላም አለ። በ7 ሜትር ርቀት ጥይቴ ሁሉ ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዳል (ቀኝ እጄን ነው የምጠቀመው)። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ያለው ሥጋዬ ደግሞ ቀልቷል። ሽጉጧ ናት ወይስ እኔ ነኝ?

ሞላ_ቀያሪ
እንኳን ደህና መጣህ። አጭሩ መልስ ሁለታችሁም ናችሁ። ረጅሙን ልጻፍልህ።

ሽጉጥህ በራሷ የምትቀባበለው ስላይዱ ወደ ኋላ ስለሚሮጥ ነው። ሲሮጥ ቀለሁን ይጎትታል፣ ይጥላል፣ ሞላውን ይጨምቃል። ከዚያ ሞላው ይመልሰዋል፣ ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ እንዲሆን ግን የታችኛው አካል፣ እጀታው ያለበት ማለቴ ነው፣ ባለበት መቆም አለበት። ስላይዱ የሚሮጠው በእሱ ላይ ነዋ። እጀታው አብሮ ወደ ኋላ ከሸሸ ስላይዱ ጉዞውን ሳይጨርስ ይመለሳል። ቀለሁም በር ላይ ይያዛል። ያየኸው ይህንን ነው።

በትልቅ ሽጉጥ ላይ እጅህ ቢላላ የሽጉጡ ክብደት ራሱ ያግዝሃል። 270 ግራም ፕላስቲክና ብረት ግን ምንም አያግዝህም። የጎደለውን የምትሞላው አንተ ነህ፣ በእጅ አንጓህ። ጓደኛህ ጋ ያልቆመችው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የእሷ ድርሻ። ስላይዷ ትንሽና ቀላል ነው። ቀላል ነገር በፍጥነት ይሮጣል። ስለዚህ ጠንካራ ሞላ ይደረግለታል፣ የሚሄድባት መንገድ ደግሞ አጭር ናት። የካዝናው ሞላ ቀጣዩን ጥይት ወደ ላይ ለማንሳት የሚያገኘው ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ትልቅ ሽጉጥ ይቅር የሚለውን ትንሽ ሽጉጥ ይቅር አይልም፦ ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ የደከመ ሞላ፣ ትንሽ የላላ እጅ።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። ካዝናዎችህን 1 እና 2 ብለህ ቁጥር ጻፍባቸው። ጓደኛህ ደግሞ ስትተኩስ ከጎን በስልክ ይቅረጽህ፣ ከተኩሱ መስመር ኋላ ቆሞ።

የኪስ_ሰው
የእኔ የበር ቁልፎች ተሰብስበው ከዚያች ሽጉጥ የሚከብዱ ይመስለኛል 😄

ቀጭን_እጅ
ጀማሪ77፣ የቀላው ሥጋህ ስለ ራሴ አስታወሰኝ። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት ካለው ሁሉ ቀላሉን ነበር። «ለሴት ትንሽ ነው የሚሻላት» ያለኝን ሰው ዛሬም አልረሳሁትም። ትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ይፈልጋል ብሎ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምቱ የሚበረታው በትንሿ ላይ ነው፣ ስላይዱ ለመሳብ የሚጠነክረውም የእሷ ነው፣ የሚያዝ ቦታ የሌላትም እሷ ናት።

ከአውራ ጣቱ ውጪ ጣቶችህን ቁጠር። ሌባ ጣት ቃታ ላይ ነው። መሀል ጣት እጀታው ላይ። የቀለበት ጣት በግማሽ ይደርሳል። ትንሿ ጣት አየር ላይ ናት። በአንድ ጣት ተኩል ይዘህ ነው እየተኮስክ ያለኸው ማለት ነው። ከካዝናው ሥር የሚገባ ትንሽ የጣት ማረፊያ አለ፣ ለብዙዎቹ ሞዴሎች ይገኛል። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚጨምረው። ለእኔ ግን ሌላ ሽጉጥ የያዝኩ ያህል ነበር።

ማቀባበሉም ቢያስቸግርህ ስላይዱን ወደ ኋላ አትጎትተው። ስላይዱን በግራ መዳፍህ ሙሉ ጨብጠህ ደረትህ አጠገብ አጥብቀህ ያዘው፣ ከዚያ በቀኝ እጅህ እጀታውን ወደ ፊት ግፋው። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደተመለሰ፣ ጣትህ ከቃታው ውጪ። መግፋት ከመሳብ ይቀላል።

እኔ በመጨረሻ ወደ ግሎክ 42 ዞርኩ። በ2014 የወጣች ባለ 380 ናት፣ ካዝናዋም እንዳንተው 6 ይይዛል። ከነባዶ ካዝናዋ 390 ግራም ገደማ ናት። ከአንተ በመቶ ምናምን ግራም ትበልጣለች፣ ያቺ መቶ ግራም ግን እጄን አዳነችው። ቀጭን ሱሪ ኪስ ውስጥ እንዳንተዋ አትጠፋም፣ እሱን ልንገርህ።

የማካሮቭ_ወዳጅ
ልጆች፣ እኔ አዲሱን የፕላስቲክ ነገር ብዙም አልወደውም። ማካሮቭን እዩት። በ1951 ነው የሶቪየት ጦር የተቀበለው። 730 ግራም ብረት፣ 8 ጥይት፣ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር ተጣብቆ የማይነቃነቅ። የክፍሎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ጭቃም አቧራም አይቶ ይተኩሳል። ጀማሪ77፣ ልጄ፣ እሱን ብትይዝ ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር።

ሞላ_ቀያሪ
ጋሼ፣ ማካሮቭን የሚጠላ ሰው የለም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። አፈሙዙ የማይነቃነቅ ሽጉጥ ስላይዱን የሚያቆየው በክብደቱና በሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ያ አሠራር ሽጉጡ ከባድ ሲሆን ጥሩ ነው። ትንሽና ቀላል ስታደርገው እጅ ይጎዳል። ዋልተር ፒፒኬን ያየ ያውቃል። ከ1931 ጀምሮ ያለ የተከበረ ሽጉጥ ነው፣ ግን እጁ ትልቅ የሆነ ሰው ስላይዱ ቆዳውን ሊልጠው ይችላል።

አሁን ያሉት ትንንሾቹ ባለ 380ዎች አብዛኛዎቹ አፈሙዛቸው ከስላይዱ ጋር ተቆልፎ ትንሽ አብሮ ከሄደ በኋላ ዘንበል ብሎ የሚላቀቅ ነው። የጦር መሣሪያ ነዳፊው የብራውኒንግ አሠራር ነው። ክብደት የቀነሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳብ_ወዳጅ
ስለ ምቱ ቁጥር ላስቀምጥ፣ ቀላል ነው።

የማካሮቭ እርሳስ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚሄደው ክፍል፣ 6 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይወጣል። የአንተ ባለ 380ም እርሳሱ 6 ግራም ገደማ ነው። ከአጭር አፈሙዝ ስለሚወጣ ግን ቀርፋፋ ነው፣ 260 እንበል። የባሩዱን ጋዝ እንተወው። የእርሳሱን ክብደት በፍጥነቱ አባዛ፣ ለሽጉጡ ክብደት አካፍል። ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚመጣበት ፍጥነት ይወጣልሃል።

ማካሮቭ ከነጥይቱ 800 ግራም ነው ብንል፣ በሰከንድ 2.4 ሜትር ገደማ። የአንተዋ ከነጥይቷ 320 ግራም ናት ብንል፣ 4.9 ሜትር ገደማ። ጥይትህ ከማካሮቭ ጥይት ደካማ ሆኖ ሳለ ሽጉጥህ ወደ እጅህ የምትመጣው በእጥፍ ፍጥነት ነው! የቀላው ሥጋህ እዚህ ውስጥ አለ።

ወደ ታችና ወደ ግራ የሚሄደውም በሒሳብ ይገባል። ቃታህ 3 ኪሎ ጉልበት ይፈልጋል እንበል። ሽጉጥህ 300 ግራም ናት። የራሷን ክብደት አሥር እጥፍ በአንድ ጣት እየሳብክ አትነቃነቂ ልትላት ነው። ጣትህ ሲጠብቅ ሌሎቹ ጣቶችህ አብረው ይጠብቃሉ፣ አፈሙዙም ይጎነበሳል።

የማነጣጠሪያዎቹም ርቀት አለ። ከኋላኛው እስከ ፊተኛው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ሲያዘነብል በ7 ሜትር ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ትስታለህ። ርቀቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትልቅ ሽጉጥ ላይ ያው ስህተት 4.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ያው እጅ፣ ያው ዓይን።

ጀማሪ77
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ማካሮቩን በበጋ ልብስ የት ደብቄው ልሂድ? 😄

ቪዲዮውን አየሁት። አፈርኩ። ገና ቃታው ሳይላቀቅ የእጅ አንጓዬ ወደ ታች ይሰበራል፣ ጥይቱ ሲወጣ ደግሞ ወደ ላይ ይታጠፋል። የግራ እጄ አውራ ጣት ደግሞ ስላይዱ ላይ ተጋድሟል! ለካ ራሴ ነኝ ፍሬን የምይዝባት።

ይህን አስተካክዬ የጣት ማረፊያም ገጥሜ 100 ጥይት ተኮስኩ። አንዴ ብቻ ቆመች። ስላይዱ ሳይዘጋ ቀረ፣ ከካዝና ቁጥር 2 ሲመገብ። ያለፈው ሳምንት የቱ እንደነበር አላውቅም፣ ቁጥር አልጻፍኩም ነበር።

ሞላ_ቀያሪ
አውራ ጣት ስላይድ ላይ! ስንቱን ሽጉጥ «ተበላሽቷል» ብለው አምጥተውልኝ ጥፋቱ የአውራ ጣት ሆኖ አግኝቻለሁ።

ቁጥር 2ን ተጠራጠረው። ከናፍሩን፣ ማለትም ጥይቱን ከላይ ይዞ የሚያስቀረውን የታጠፈ ጠርዝ፣ ከቁጥር 1 ጋር ጎን ለጎን አድርገህ በብርሃን እየው። አንዱ ወገን ከሌላው ሰፋ ካለ ወይም ካዝናው መሬት ወድቆ ከነበረ ምክንያቱ እሱ ነው። በፒንሳ ላስተካክለው እንዳትል፣ አዲስ ግዛ። ከናፍሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ሞላውን ቀይር።

ስለ ጽዳትም ልናገር፣ የኪስ ሽጉጥ ሌላ ጠባይ አለው። ኪስ ማለት የብናኝ ጎተራ ነው። ዘይት ስታበዛ ብናኙ ይለጠፍና እንደ ጭቃ ይሆናል። አንድ ሰው ያመጣልኝ ነበረች፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሳይተኩስባት የያዛት። ስላይዷን ሳወልቅ ቀለህ የሚጎትተው ጥርስ ሥር ሰማያዊ የጂንስ ብናኝ በዘይት ተቦክቶ እንደ ስሚንቶ ደርቋል። ጥርሱ የቀለሁን ጠርዝ መንከስ አይችልም ነበር። በጥርስ ብሩሽ ሦስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሰውዬው ግን ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ ጥይት ብቻ የምትተኩስ ሽጉጥ ነበር።

ዘይት በጠብታ፣ ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ብቻ። በየሁለት ሳምንቱ ብናኙን አራግፍ። ከዚህ በላይ አታወሳስበው።

ሪቮልቨር_ብቻ
ይህን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ሞላ፣ ካዝና፣ ከናፍር፣ ጥርስ። ወገኖቼ፣ ባለ አምስት ጥይት ሪቮልቨር እጁ የላላውንም የጠነከረውንም እኩል ያገለግላል። ቢከሽፍ ቃታውን ደግመህ ትስባለህ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የመጀመሪያዋን ቺፍስ ስፔሻል ያወጣው በ1950 ነው። ዛሬም ቅርጿ ብዙ አልተለወጠም።

ሞላ_ቀያሪ
ስለ ላላ እጅ እውነትህን ነው። ኪስ ውስጥ ሆኖ መተኮስ ካስፈለገም ከኋላ ያለው መዶሻው የተሸፈነ ሪቮልቨር የሚጠላለፍበት ነገር የለም።

ግን ቀላሎቹ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ከ350 ግራም በታች የሆኑ ባለ 357 ማግነም አሉ። አንዱ ሲተኮስ ምቱ ሽጉጡን በጣም በፍጥነት ወደ ኋላ ስለሚወረውረው ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ከቀለሁ እየወጣ ወደ ፊት ይመጣል። ከጎማው፣ ጥይቶቹ ካሉበት ተሽከርካሪ ክፍል፣ ፊት ካለፈ በርሜሉን ይነካና ጎማው አይዞርም። ያኔ ደግሞ ቃታ መሳብ አይፈታውም፣ ቁጭ ብለህ መፍታት ነው። ለዚያ ለ357 የተሠራ ሽጉጥ 38 ጥይት አጉርሶ መያዝ የተለመደ ነው።

የማካሮቭ_ወዳጅ
357ቱን ከዚያ ላባ ከሚያክል ነገር ተኩሼ አውቃለሁ። አንዴ። ሁለተኛውን ለባለቤቱ መለስኩለት።

ሰባት_ሜትር
ጀማሪ77፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ለምን 270 ግራም? መልስህ «ኪስ» ከሆነ ጥሩ። «ቀላል ስለሆነ» ከሆነ ግን ትንሽ ቆይ።

እነዚህ ሽጉጦች እንዴት እንደመጡ ማየት ይጠቅማል። ኬል-ቴክ በ1999 ፒ-32ን አወጣ፣ ባለ 32 ሆና 190 ግራም እንኳ አትሞላም። በ2003 ያንኑ መልክ ለ380 አደረገውና ፒ-3ኤቲ ተባለች። በ2008 ሩገር በዚያው ሐሳብ ኤልሲፒን አወጣ፣ ገበያው ተጥለቀለቀ። ሩጫው ሁሉ ክብደት መቀነስ ነበር። በ2018 ሲግ ፒ365 ሲመጣ ጨዋታው ተቀየረ። 500 ግራም ገደማ ናት፣ ግን ከ380 የሚበረታውን 9 በ19 ጥይት ነው የምትተኩሰው፣ ካዝናዋ 10 ይይዛል፣ ጣትም ቦታ ያገኛል። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ሄዱ።

የእኔ አቋም ይታወቃል፦ በእርግጥ ሁልጊዜ የምትይዘው ከሆነ ትልቁን ያዝ። ቤት ጥለኸው የምትወጣ ከሆነ ግን ትልቁ ምን ያደርግልሃል? እኔ ራሴ ሁለት አሉኝ፣ ትንሿን የምይዛት እንዳለመታደል ከሌላዋ በላይ ነው። የምለማመደው ግን በሁለቱም ነው። በትልቁ ተለማምዶ ትንሿን መያዝ ራስን ማታለል ነው።

ቀጭን_እጅ
«በትልቁ ተለማምዶ ትንሿን መያዝ» — ይህን ስንት ሰው ያደርገዋል መሰላችሁ! ትንሿ እጅ ታሳምማለችና ቢበዛ በቀን 20 ጥይት ነው የሚተኮስባት። እኔ ቤት ባዶዋን ቃታ እለማመዳለሁ። ጥይት ሌላ ክፍል ይቀመጣል፣ ጉሮሮዋን፣ ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አያለሁ፣ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት እከታለሁ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ነጥብ። ፊተኛው ማነጣጠሪያ ላይ ሳንቲም ታስቀምጥና ሳይወድቅ ቃታውን ትስባለህ። ያ ወደ ታች ወደ ግራ የሚባለው በሽታ በዚህ ነው የለቀቀኝ።

ጀማሪ77
ሳንቲሙ ወዲያው ነው የሚወድቀው 😅 ማነጣጠሪያዬ ራሱ የስንዴ ቅንጣት ነው የሚያክለው።

ሌላ ጥያቄ። ለልምምድ የምተኩሰው ተራውን፣ ክቡን ጥይት ነው። ለመያዝ ግን አፉ የተቦረቦረውን ገዛሁ። እሱንም ልሞክረው ወይስ ውድ ስለሆነ ልተወው?

ሞላ_ቀያሪ
ሞክረው! ክብ ጥይት ተንሸራቶ የሚገባበትን መወጣጫ አፈ ክፍቱ በጠርዙ ሊነክሰው ይችላል። በተለይ መወጣጫው አጭርና ቀጥ ባለበት ትንሽ ሽጉጥ ላይ። ብዙ ሰው የሚከተለው ልማድ አለ፦ 200 ጥይት ያለ አንድ መቆም፣ ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ለመያዝ የመረጥከው ጥይት። ከቆመች ቆጠራው ከ1 ይጀምራል።

የተቦረቦረ ጥይት ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል። የአንተ አፈሙዝ አጭር ስለሆነ ፍጥነቱ ይወርዳል። 380 ላይ አንዳንዱ ጥይት ሳይከፈት ያልፋል፣ ሌላው ይከፈትና ጠልቆ አይገባም። ለአጭር አፈሙዝ ተብሎ የተሠራ ምረጥ። ፕላስ ፒ የሚል፣ ግፊቱ ከተለመደው የሚበልጥ ጥይት ደግሞ የሽጉጥህ መመሪያ ካልፈቀደ አታጉርሳት።

ይህችን ደግሞ አትርሳ። ማታ ማታ ጥይቱን ከጉሮሮዋ እያወጣህ ጠዋት ያንኑ መልሰህ የምታቀባብል ከሆነ፣ እርሳሱ በየጊዜው መወጣጫውን እየመታ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋል። ሲገፋ ግፊቱ ይጨምራል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመህ አወዳድረው። ካጠረ ወደ ጎን አስቀምጠው፣ አትተኩሰው።

ሰባት_ሜትር
ስለ ኪስ አንድ ነገር ልበል፣ ማንም አላነሳውም። ሽጉጥ ያለበት ኪስ ውስጥ ሌላ ምንም አይገባም። ቁልፍ የለም፣ ሳንቲም የለም፣ መሀረብ የለም። ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የኪስ ማህደር ደግሞ ግዴታ ነው። ብናኝም ይቀንሳል።

ማህደሩ ውስጥ መመለስ ስትፈልግ ማህደሩን ከኪስህ አውጥተህ፣ ሽጉጡን ከተህ፣ ሁለቱን አንድ ላይ መልስ። ኪስህ ውስጥ እያለ በጨለማ አትፈልገው። እግርህ እዚያው ነው ያለው።

ስትወድቅብህም በአየር ላይ ልትቀልባት እንዳትሞክር። ጣት ቃታ ላይ የሚገባው ያኔ ነው። የወደቀች ሽጉጥ አትተኩስም ብሎ መዘናጋትም ልክ አይደለም፣ ሩገር በ2008 የመጀመሪያዎቹን ኤልሲፒዎች መልሶ የጠራው ስትወድቅ ልትተኩስ ትችላለች ብሎ ነበር። ያገለገለ የሚገዛ ሰው መለያ ቁጥሩን ከአምራቹ ጋር ያጣራ።

ጀማሪ77
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

የቁጥር 2 ከናፍር ደህና ነበር። ሞላውን ለወጥኩት። በየቅዳሜው 50 50 እያልኩ ቆጠርኩ። ዒላማው ላይ የጥይቶቼ ስብስብ ከሰሃን ወደ ስኒ ማስቀመጫ ስፋት ወርዷል፣ አሁንም ትንሽ ወደ ግራ ያደላል።

አፈ ክፍቱን ጨምሬ 162 ደረስኩ። 163ኛዋ ላይ ስላይዱ ሳይዘጋ ቀረ። መጨረሻ ላይ ነበር፣ እጄ ዝሎ። እኔ ልሁን እሷ አላወቅኩም። ጓደኛዬ «በቃ አልፈሃል፣ ተዋት» አለኝ።

ሞላ_ቀያሪ
ከየትኛው ካዝና?

ጀማሪ77
ከቁጥር 2።

ሞላ_ቀያሪ
😄

ጀማሪ77
ቀይ ፕላስተር ለጥፌበት ለልምምድ ብቻ አድርጌዋለሁ። አዲስ ሁለት አዝዣለሁ፣ 3 እና 4 ተብለዋል። ቅዳሜ ከ1 እጀምራለሁ።